አምፕሊፋየሩን አንድ ቀን አጥፉት

ውድ ወጣት ጊታር ተጫዋቾች፣

አብዛኞቻችሁን ወደ ጊታር የሳባችሁ የኤሌክትሪኩ ድምፅ ነው። ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሚሻክረው ድምፅ)፣ ፈጣኑ ሶሎ፣ አንዷ ኖታ ተንጠልጥላ ስትቆይ። እኔንም የሳበኝ እሱው ነው፤ መተዳደሪያዬም ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን እነዚያው የምታደንቋቸው የሮክ ጊታሪስቶች፣ አኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማ) ጊታር ይዘው ያለ ዘፋኝ ስለቀዷቸው አጫጭር ሥራዎች ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት ከባድ ዘፈኖች መሃል ስለሚገኙ ወጣቶች ዘለው ያልፏቸዋል። ያሳዝነኛል። እኔ ተማሪ ሲመጣልኝ ቶሎ ብዬ የማስይዘው ከእነሱ አንዱን ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ዲስቶርሽን ሲበዛ፣ በቀስታ የተመታውና በኃይል የተመታው ኖታ ይቀራረባሉ። ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ቀኝ እጃችሁ ቢሰንፍ እንኳ ጉድለቱ ይሸፈናል። በአኩስቲክ ግን የክሩ ጉልበት የጊታሩን የፊት እንጨት ያንቀጠቅጥና ወዲያው ያልቃል። ኖታው ገና ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ነው። በጥፍር ነው የመታችሁት ወይስ በጣታችሁ ሥጋ? ክሮቹ ከታሰሩበት አጠገብ ከመታችሁ ድምፁ ይሰላል፤ ወደ ቀዳዳው ስትመጡ ይለሰልሳል። ኖታው ሲሞት ዝምታውን ትተዉታላችሁ ወይስ በሌላ ክር ትሞሉታላችሁ? እነዚህን ጥያቄዎች በእጁ ያልመለሰ ልጅ፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የራሱን ድምፅ ገና አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ስቲቭ ሃውን ስሙት። የእንግሊዙን «የስ» ባንድ የተቀላቀለው በ1970 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ከባንዱ ጋር በሠራው የመጀመሪያ አልበም ላይ «ክላፕ» የሚል፣ መድረክ ላይ ብቻውን ሲጫወት የተቀዳ ሥራ አለው። የመጀመሪያ ልጁ በመወለዱ ተደስቶ የደረሰው ነው። የአሜሪካዊው የካንትሪ ጊታሪስት የቼት አትኪንስ ተጽዕኖ በግልጽ ይሰማበታል። አውራ ጣት ቤዙን ሳያቋርጥ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይዘው ይሄዳሉ። የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ ለጆሮ ግን ሁለት ይመስላል። በ1971 የወጣው «ፍራጃይል» አልበም ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የባንዱ አባል የራሱን ሥራ እንዲያስገባ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። የሃው ድርሻ የስፔን ቃና ያለው «ሙድ ፎር ኤ ዴይ» ነው።

«ክላፕ» ላይ ያለውን አጨዋወት መልመድ ከፈለጋችሁ አውራ ጣታችሁን ለብቻው አሠሩት። ከሰው ጋር እያወራችሁ እንኳ የማይስት እስኪሆን ድረስ። ዜማውን ከዚያ በፊት አትጨምሩበት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ አቋራጭ አላየሁለትም።

ከባድ ሙዚቃ የምትወዱ ደግሞ ቶኒ አዮሚን አስተውሉ። ገና በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ አደጋ ደርሶበት የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጧል። ግራኝ ስለሆነ የተጎዱት ጣቶች ክር የሚጫኑት ናቸው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና ቀጠለ። ይኼው ሰው ነው በ1971 ለባንዱ ለብላክ ሳባዝ «ኦርኪድ»ን የሠራው። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚሆን ለስላሳ ሥራ ነው። እሱ እንዳለቀ ከባዱ ጊታር ይገባል፤ ከባድነቱም እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ብቻ የሆነ አልበም ለምን እንደሚያደክም የገባኝ በዚህ ነው። ባንድ ያላችሁ ልጆች የዘፈኖቻችሁን ቅደም ተከተል ስታወጡ ይህን አስቡበት።

ስቲቭ ሃኬት በ1972 ከጀነሲስ ባንድ ጋር የቀዳው «ሆራይዘንስ» ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መነሻው ባኽ ለቼሎ የጻፈው የመጀመሪያው ስዊት (ባለ ብዙ ክፍል ሥራ) መክፈቻ ነው። ሃኬት መነሻውን በግልጽ ይናገራል፤ ይህ ባሕርይ ደስ ይለኛል። የሌድ ዜፕሊኑ ጊታሪስት የጂሚ ፔጅ «ብላክ ማውንቴን ሳይድ» (1969) ድንቅ ነው፤ ቅኝቱም ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ዲ-ኤ-ዲ-ጂ-ኤ-ዲ ነው። ነገር ግን ስኮትላንዳዊው የፎክ ጊታሪስት በርት ያንሽ ከጥንት የሕዝብ ዜማ ተነስቶ ቀደም ሲል ካቀናበረው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አልበሙ ላይ ግን የተጻፈው የፔጅ ስም ብቻ ነው። እናንተ ከሰው የወሰዳችሁትን ተናገሩ። ክብራችሁን አይቀንስም። ፔጅን ለመውደድ እኔ የምመርጠው «ብሮን-ይር-አውር»ን ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1970 እሱና የባንዱ ዘፋኝ ሮበርት ፕላንት ካረፉባት፣ ኤሌክትሪክ ካልነበራት የዌልስ ጎጆ ነው። የተቀዳውም በዚያው ዓመት ነው፤ አልበም ላይ የወጣው ግን በ1975 ነው። አንዳንድ ሥራ ተራውን ይጠብቃል።

ኤዲ ቫን ሄለን በ1979 «ስፓኒሽ ፍላይ» ላይ ያንን ዝነኛ ታፒንጉን (በቀኝ እጅ ጣትም የጊታሩ አንገት ላይ ክሩን እየመቱ መጫወትን) በናይለን ክር ተጫውቶታል። «ጉዱ ሁሉ የአምፕሊፋየሩ ነው» ለሚል ሰው አንድ ደቂቃ የምትሞላው ያቺ ሥራ ትበቃዋለች። የኦዚ ኦዝቦርን ጊታሪስት የነበረው ራንዲ ሮድስ ደግሞ በ1980 ለእናቱ «ዲ»ን ሠራ። ዝናው ከወጣ በኋላ እንኳ ለኮንሰርት በሚዞርባቸው ከተሞች የክላሲካል ጊታር መምህር እየፈለገ ይማር ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ የኦልማን ብራዘርስ ባንዱን ጊታሪስት የዱዌን ኦልማንን «ሊትል ማርታ» እሰጣችኋለሁ። በስላይድ (ጣት ላይ የሚጠለቅ ቱቦ ክሩ ላይ እያንሸራተቱ በሚጫወቱት) ኤሌክትሪክ ጊታር የሚታወቅ ሰው ነው። ይህን ከባንድ ጓደኛው ከዲኪ ቤትስ ጋር በሁለት አኩስቲክ ጊታር ቀድቶ፣ በዚያው ወር፣ በጥቅምት 1971፣ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ጓደኛ ፈልጋችሁ ለሁለት ተጫወቱት። አንዱ ሌላውን መስማት ካቆመ ሥራው ወዲያው ይፈርሳል፤ ስልካችሁ ላይ ቅዱትና መልሳችሁ ስትሰሙት የት እንደፈረሰ ታገኙታላችሁ። ቅኝቱ ክፍት ኢ ነው፤ ክሮቹ ሳይጫኑ ሲመቱ የኢ ኮርድ ይሰጣሉ። ሦስት ክሮችን ወደ ላይ ስለሚወጥር አሮጌ ክር ሊበጠስባችሁ ይችላል። ወደ ክፍት ዲ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙና ካፖውን (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫነውን መያዣ) ሁለተኛው ፍሬት ላይ እሰሩ፤ ድምፁ ያው ነው።