የፉክክር ፍቅር በታሚል ፊልም

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ እዚህ ሐዋሳ በጓደኛዬ ቤት ያየሁት «ቲላና ሞሃናምባል» የተባለው የህንድ ፊልም ከመጽሐፍ የተወሰደ ነውን? ስሙስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አዎን፤ በኤ. ፒ. ናጋራጃን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ የበቃው ይህ የታሚል (የደቡብ ህንድ ቋንቋ) ፊልም፣ ኮታማንጋላም ሱቡ «አናንዳ ቪካታን» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ካወጣው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሲቫጂ ጋኔሳን የሚጫወተው ሻንሙጋሱንዳራም፣ ናዳስዋራም የተባለውን ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋ ኩሩና ቁጡ ሙዚቀኛ ሲሆን፣ ከዳንሰኛዋ ከሞሃና (ፓድሚኒ) ጋር የሚፋቀረው «ማን ይበልጣል?» በሚል እልህ ውስጥ ሆኖ ነው። እልኸኛ ፍቅር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሚሰማው የናዳስዋራም ድምፅ ግን የተዋናዩ ሳይሆን የወንድማማቾቹ የሴቱራማንና የፖኑሳሚ ነው። «ቲላና» ባራታናቲያም በተባለው የደቡብ ህንድ ባህላዊ ውዝዋዜ ትርኢት ማብቂያ ላይ የሚቀርብ ፈጣን ውዝዋዜ ነው፤ «ሞሃናምባል» ደግሞ የዳንሰኛዋ ሙሉ ስም ነው።