የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወረቀት የትኛው ነው?

ልጆቼ፣

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ የምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሰው ገና ሳይነጋ ተሰልፏል። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ከርሞ ነበርና አገሩ ሁሉ ወሬው ምርጫ ነበር። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ሁለቱን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ተቀብለው ጠጋ አሉኝና፣ «ልጄ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የትኛው ነው?» አሉኝ።

አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት መሆኑን ነገርኳቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤቱ እንደሆነ፣ እሱም ከራሱ አባላት መካከል እንደሚመርጠው ለማስረዳት ግን ሰልፉ ፋታ አልሰጠኝም። ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው የሚፈልጉትን ወረቀት አጡት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን አምስት ዓመት መሆኑን አሳምረው ይመልሳሉ። አንድ ቀን፣ «የአካባቢያችን ተወካይ ማን ይባላል?» ስል ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «መምህር፣ እርስዎስ ያውቋቸዋል?» አለኝ። አላውቅም ነበር።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባልን ነው ያደግነው። በቀይ ሽብር ልጁን የቀበረ አባት እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን ሸሽተን የት ደረስን? ማን ምን እንደሚሠራ ካላወቅን መሪን የምንመዝነው በአንደበቱ ነው፤ ወይም «የኛ ልጅ ነው» በማለት። መሪውም ሰው ነው፣ የሚያስመርጠውን ነገር ቶሎ ይለምዳል። የፓርላማ ተወዳዳሪ የውሃ ፓምፕ አስጠግናለሁ ሲል እናጨበጭባለን። ፓምፑ የወረዳው ሥራ ነው። እሱ የሚሄደው ሕግ ሊያወጣና በጀት ሊያጸድቅ ነው፤ በዚያ ግን አምስት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው የለም።

እናንተ ማን ማንን እንደሰደበ ከቲክቶክ በየሰዓቱ ትሰማላችሁ። እባካችሁ ከዚያ ላይ ትንሽ ጊዜ ቀንሱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ ሲከራከር ቁጭ ብላችሁ ተከታተሉ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 አንብቡት፣ አጭር ነው። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ «ለፓምፑ ጥገና ዘንድሮ ስንት ብር ተያዘ? መቼስ ያልቃል?» ብላ ጠየቀች። መድረኩ ላይ የነበሩት ኃላፊ ስለ ልማት ብዙ ተናገሩ። እሷም በትሕትና ጥያቄዋን ደገመችው። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «እስቲ ልጅቷን መልሱላት» አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኃላፊው የበጀቱን ወረቀት ይዘው መጡ።