የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በልክ የሚሠራ ጠመንጃ

ጥያቄ፦ የአደን ጠመንጃ በትእዛዝ ለማሠራት ወስኜ፣ ፈቃዱንም አውጥቼ፣ ከአንድ ባለሙያ ጋር መነጋገር ጀምሬአለሁ። እኔ የማስበው ስለ ሰደፉ እንጨት ውበትና በብረቱ ላይ ስለሚቀረጸው ስሜ ሲሆን፣ እርሱ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ክንዴ ርዝመት፣ ስለምተኩስበት ርቀትና ስለ ጥይቱ ክብደት ነው። ቁመቴ ረዘም ያለ ስለሆነ የፋብሪካ ጠመንጃ ሁሉ ያጥርብኛል። በቅድሚያ መወሰን ያለብኝ ምንድን ነው? ገንዘቤንስ በየትኛው ላይ ባውለው ይሻላል?

መልስ፦ ባለሙያው የጠየቀዎት ትክክለኛውን ነው። በመጀመሪያ የሚወሰነው ጠመንጃው ለምን ዓይነት አደንና በምን ያህል ርቀት እንደሚያገለግል ነው፤ ከዚያ ጥይቱ ይመረጣል፣ ከጥይቱም የቧንቧው አሠራር ይከተላል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን እያሽከረከረ ስለሚያወጣው፣ ረጅምና ከባድ አረር ፈጠን ያለ ጥምዝ ይፈልጋል። ለ.308 ጥይት በ10 ወይም በ12 ኢንች አንድ ሙሉ ዙር የሚሰጥ ቧንቧ የተለመደ ሲሆን፣ ከባድ አረር ለመጠቀም የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይበጀዋል። ብርቅ የሆነ የጥይት ዓይነት መርጦ ኋላ ጥይት ፍለጋ ከመንከራተት፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን .30-06ን የመሰለ በብዙ ቦታ የሚገኝ ጥይት መያዝ ይሻላል።

የእርስዎ ዋና ጉዳይ ግን ሰደፉ ነው። በፋብሪካ ጠመንጃ ላይ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ክንደ ረጅም ሰው በዚህ ልክ ሲተኩስ አንገቱን አጎንብሶ ፊቱን ወደ ማነጣጠሪያው መነጽር ስለሚያስጠጋ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን፣ የመነጽሩ ጠርዝ ደግሞ ቅንድቡን ሊያገኘው ይችላል። ልኩ የሚወሰደው ለአደን በሚለብሱት ልብስ ነው እንጂ በሸሚዝ አይደለም፤ ወፍራም ካፖርት ብቻውን ልኩን ይለውጠዋልና። ለመፈተን ከፈለጉ፣ ባዶ መሆኑን ያረጋገጡትን ጠመንጃ ዓይንዎን ጨፍነው ትከሻዎ ላይ ያሳርፉ፣ ጉንጭዎንም በሰደፉ ላይ ያድርጉና ዓይንዎን ይግለጡ፤ በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ምስል ወዲያው ካልታየዎት የሰደፉ ርዝመት ወይም የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍታ አልገጠመዎትም።

ስለ እንጨቱ ውበት መጨነቅዎ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ያማረው የዋልነት እንጨት ጭረቱ የተወሳሰበ ስለሆነ፣ ውበቱ በሰደፉ የኋላ ክፍል ላይ እንዲቀር፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን አንገት ላይ ግን የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይጠይቁ፤ ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥም ቧንቧውን እንዳይነካው በመካከላቸው ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ቢተው፣ የጥይቱ መምቻ ነጥብ ከወቅት ወደ ወቅት አይዋልልብዎትም።

የስምዎ ቅርጽ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ጠመንጃው ተተኩሶ ከተፈተነና ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላ፣ ብረቱ ከመጥቆሩ በፊት ይቀረጻል። የመለያ ቁጥሩና የፍተሻ ማኅተሞቹ በቅርጽ መሸፈን የለባቸውም። ሙሉ ስም በዋናው ብረት ላይ መቅረጽ ኋላ ሲሸጥ ገዢን ያሸሻል፤ በሰደፉ ግርጌ በምትገባ ትንሽ የብር ሳህን ላይ የስምዎን የመጀመሪያ ፊደሎች ማስፈር ጨዋነትም ብልሃትም አለው። የፍተሻውን ማኅተም ሳያዩ ግን የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ፤ በሲ.አይ.ፒ. (የጦር መሣሪያ ፍተሻ ቋሚ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን) አባል አገሮች ማንኛውም አዲስ ጠመንጃ፣ ለጥይቱ ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ቢያንስ 25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተተኩሶ ይፈተናል።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። ያለኝን የፋብሪካ ጠመንጃ ማስለወጥ ይቻላል ወይስ አዲስ ላሠራ?

መልስ፦ ሰደፉን ማስለወጥ ቀላል ነው፤ የጉንጭ ማሳረፊያውም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። የመዝጊያው እጀታና የቀለህ መውጫው ግን በቀኝ በኩል የተበጁ በመሆናቸው፣ እነርሱን ማዛወር ከመጀመሪያው ለግራኝ የተሠራ አካል ከመግዛት ሊብስ ይችላል። ከሁሉ በፊት የሚያነጣጥሩበት ጠንካራው ዓይንዎ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ በግራ እጁ እየጻፈ በቀኝ ዓይኑ የሚያልም ሰው ጥቂት አይደለም፣ እንዲህ ያለው ሰው ምንም ሳያስለውጥ በቀኝ ትከሻው መተኮስን ቢለምድ ይቀለዋል።