ጂን ማጥፋት የአባባን ጉበት ያድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አዘጋጆች? አባባ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለው። ሆዱን ሲያመው አልትራሳውንድ ተነሣና «ጉበትዎ ስብ ይዟል» አሉት። እሱ ደግሞ በዓል ካልሆነ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ውጭ አገር የሚማረው ወንድሜ «እኔም የማጠናው እሱን ነው፣ ጂን ያጠፋሁበት የጉበት ሴል አለኝ» አለን። እማዬ ይሄን ከሰማች ወዲህ «ልጄ መድኃኒቱን እያወጣው ነው» ብላ አባባን ከሐኪም ቀጠሮ አስቀርታዋለች። ምን ልበላት? ናሙናስ እንላክለት?
ከአዘዞ

መልስ፦ የአዘዞዋ እህቴ፣ መጀመሪያ አባትሽን ወደ ቀጠሯቸው መልሻቸው። የቀረውን እናወራለን።

ሳይጠጡ መታመማቸው አይግረምሽ። ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ከቋጠሩ ጉበቱ ስብ ይዟል ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ከቦርጭ፣ ከስኳር በሽታና ከደም ስብ ጋርም ይመጣል። የቤተሰብ ጂንም እጁ አለበት።

የወንድምሽን ሥራ ለእማዬ በጠላ አስረጃት። ጌሾ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት ጋን ትጠምቂያለሽ። ብቅሉ ያው፣ ውሃው ያው፣ አንዱ ጋን ላይ ብቻ ጌሾውን ታስቀሪያለሽ። ልዩነቱ የጌሾው ሥራ ነው። ወንድምሽም ከሁለት አንድ ዓይነት ሴሎች በአንዱ ላይ አንድ ጂን ብቻ ያጠፋል፤ ኖክአውት የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ሴሎቹ ግን የአባትሽ አይደሉም። ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ሄፕጂ2 የሚባለው ሴል በ1970ዎቹ ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ የጉበት ዕጢ የተወሰደ ነው፤ የካንሰር ሴል ስለሆነ መራባቱን አያቆምም። ጂን ማለት ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበት በፊደል የተጻፈ መመሪያ በይው። የተመረጠው ጂን ክሪስፐር በሚባለው መቀስ ይቆረጣል (ሻርፐንቲዬና ዱድና በ2020 ኖቤል የተሸለሙበት ነው)። ሴሉ ቁስሉን በችኮላ ሲጠግን ፊደል ይገድፋል ወይም ይጨምራል፣ ጂኑም የማይነበብ ይሆናል። ከዚያ አንዷን ሴል ለይቶ ማራባት፣ ፕሮቲኑ በእርግጥ መጥፋቱን ማየት፣ ካልተነካችው እኩያዋ ጎን አስቀምጦ ሁለቱንም ስብ ማብላት ነው። ከሚበሉት አንዱ ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ ቤታችን በጄሪካን የሚገባው ፓልም ዘይት በሱ የተሞላ ነው። ቀይ ማቅለሚያ ሲጨመር የስብ ጠብታዎቹ ይቀላሉ፣ የትኛዋ አብዝታ እንደቋጠረች ይታያል።

አሁን ወደሚገርመው ልምጣ። ፒኤንፒኤልኤ3 የሚባል ጂን አለ። እዚህ ጂን ላይ አንዲት የፊደል ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ጉበታቸው ስብ እንደሚበዛበት በ2008 ታወቀ። እንግዲህ ጂኑ ጭራሽ ቢጠፋማ ይብሳል ትያለሽ። አይጦች ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያጠፉት ግን ጉበታቸው ስብ አልያዘም! ለካ ችግሩ የፕሮቲኑ መጥፋት ሳይሆን የተበላሸው ፕሮቲን እንቢ ብሎ መቀመጡ ነው፤ ስብ ጠብታው ላይ ተለጥፎ ይከማችና ስቡን የሚፈቱትን ሌሎች ሠራተኞች ያደናቅፋል። ጌሾ የሌለው ጠላና የሻገተ ጌሾ የገባበት ጠላ አንድ አይደሉም፣ አይደል? ደግሞ ሄፕጂ2 ራሱ ይሄን ለውጥ የያዘ ሴል ነው። በሱ ላይ ጂኑን ያጠፋ ሰው ያጠፋው ጤነኛውን ሳይሆን የሻገተውን ነው። ይሄን የዘነጋ ተመራማሪ ውጤቱን ገልብጦ ያነበዋል።

ጠፍቶ የሚጠቅምም አለ። ኤችኤስዲ17ቢ13 የሚባለው ጂን ከተፈጥሮ የማይሠራላቸው ሰዎች ጉበታቸው ለከባድ ጉዳት የመዳረግ ዕድሉ ያነሰ መሆኑ በ2018 ታትሟል። ስለዚህ ጂኑን ዝም የሚያሰኙ መድኃኒቶች እየተሞከሩ ነው።

የወንድምሽ ሥራ ትልቅ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ግን ብልቃጡ ውስጥ አንጀት የለም፣ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል የለም፣ ጉበትን የሚያጠጥሩት ሌሎቹ ሴሎች የሉም። ከዚያ እስከ አባባ ኪኒን ድረስ ብዙ ዓመት አለ። እስከዚያ የሚሠራው የታወቀው ነገር ነው። 90 ኪሎ ከሆኑ አራት ኪሎ ተኩል መቀነስ ብቻውን የጉበቱን ስብ ያሳንሳል፤ ከክብደታቸው ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንሱ ደግሞ የጉበቱ ቁጣም ይበርዳል። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ ነው። ሱቁን ዘግተው ማታ ማታ ሦስቴ ይዙሩት። ጾም ነው ብሎ ሥጋውን ትቶ በለስላሳና በዳቦ ማካካስ ግን አይሆንም (ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው)። ቡናቸውን ይጠጡ፣ ለጉበት ጥሩ ነው፤ ስኳሩን ይተዉት እንጂ።

ናሙና አትላኩ። የሰው ናሙና ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም፣ ወንድምሽም አልጠየቀም። ይልቅ ሲደውል የትኛውን ጂን በየትኛው ሴል ላይ እንዳጠፋ ጠይቂው። «ፒኤንፒኤልኤ3ን፣ ሄፕጂ2 ላይ» ካለሽ፣ ያቺን የፊደል ለውጥ ያውቅ እንደሆነ ቀስ ብለሽ ጣል አድርጊበት።