«ሮቴት» ምን ማለት ነው ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንዲት የነርሲንግ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ሲስተርዬ፣ የሮቴትን ሲኖኒሞች ይላኩልኝ፣ ነገ ፈተና አለብን» ትላለች። ሮቴት (rotate) የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ሲኖኒም ማለት ደግሞ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ቃል። ከሥሩ ራሷ የሰበሰበችውን ደርድራዋለች፦ ተርን፣ ስፒን፣ ሪቮልቭ፣ ሮል፣ አልተርኔት። ጎበዝ ናት። እኔ ግን ዝርዝሩን ሳየው አንድ ሰው ትዝ አሉኝና ሆዴ ባባ። ለእሷ የጀመርኩት መልስ ረዘመብኝ፣ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

የፈተናውን ቶሎ ልጨርሰው። አንድ ነገር በራሱ ዛቢያ ላይ ሲዞር ሮቴት ነው፤ ሌላ ነገርን ሲዞር ሪቮልቭ። መሬት በራሷ ዛቢያ በ24 ሰዓት ገደማ ትዞራለች፣ ፀሐይን ደግሞ በ365 ቀን ከሩብ ገደማ። ስፒን ፍጥነት አለበት፤ እንዝርት ሲሾር ስፒን ነው። ሮል መንከባለል ነው። አልተርኔት መፈራረቅ ነው፣ ከክብ ጋር ምንም የለውም። ሮቴትም ግን አንዳንዴ እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳይሽከረከር ተራ መቀያየር ብቻ ይሆናል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ከጮቄ ተራራ ሥር ተነስተው እኔ እሠራበት ወደነበረው የስኳር ሕመም ክትትል በየወሩ ይመጡ ነበር። ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ፤ ካርዳቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጋቢያቸው እንደነጣ። ስኳራቸው ግን አልወርድ አለ። በየቀጠሮው የኢንሱሊን ዶዛቸው፣ ማለትም የሚወጉት መጠን፣ ይጨመራል፣ በሚቀጥለው ወር ስኳሩ እዚያው ነው። ሐኪሙ ይቆጣል። «ጠላ ጠጥተዋል!» «ማር በልተዋል!» መቼም ጎጃም ተቀምጦ ማር አልቀመስኩም የሚልን ማን ያምናል? እሳቸው አቀርቅረው «ልጄ፣ እመቤቴን አልቀመስኩም» ይላሉ። ስንት ልጅ ያስተማሩ ሰው እንደ ሰነፍ ተማሪ ሲገሠጹ ማየት ደስ አይልም።

አንድ ቀን ክፍሉ ጭር ሲል፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች አንዲት ነርስ «ጋሼ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወጉ ያሳዩን» አለቻቸው። ብልቃጡን አወጡ። በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው፣ ደፍራሹ ኢንሱሊን እኩል እስኪደባለቅ ቀስ አድርገው አሽከረከሩት። አልናጡትም፣ አረፋም አላወጣም። እኛ ለተማሪ የምናሳየውን ያህል ጥንቅቅ ያለ ነው። ከዚያ ጭናቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ሁላችንም ዝም አልን። በቀኝ ጭናቸው ላይ አንዷ ቦታ ብቻ ተነፍታ ኩፍ ያለ ሊጥ መስላለች። ለዓመታት እዚያችው ላይ ነው የወጉት።

«ቦታ ይቀይሩ አልተባሉም?» ብትላቸው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች ናት። ሮቴት የምትለዋን በእስክሪፕቶ አስምረውባት፣ ከጎኗ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈት «ማዞር» ብለዋል። መዝገበ ቃላት አገላብጠው ነው እንግዲህ። ብልቃጡን አዙር የተባሉ መሰላቸው፣ አዞሩትም፣ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ። ወረቀቷ ግን የምትለው የሚወጉበትን ቦታ ያፈራርቁ ነው። ብልቃጡን ስለማሽከርከር በሌላ መስመር ላይ «ሮል» ተብሎ ለብቻው ተጽፏል። እሳቸው ሁለቱን አንድ አደረጓቸው። ሲኖኒም ናቸዋ!

አንድ ቦታ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ስብ ይወፍራል። እዚያ የገባ ኢንሱሊን በወጉ ወደ ደም አይደርስም፤ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ያንሳል። ደግሞ እብጠቱ ላይ መወጋት ብዙም አያምም፣ ስለዚህ ሰው እዚያው መመለስ ይወዳል። ሰውየው ማር አልበሉም ነበር ማለት ነው።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቦታ ይቀይሩ እንዳልናቸው ቤታቸው ገብተው የዚያኑ ዕለት ማታ ሆዳቸው ላይ ወጉ። ዶዙ ግን በየወሩ ሲቆለል የከረመው ያው ዶዝ ነው፣ ጤነኛ ቦታ ሲያገኝ ሙሉ በሙሉ ሠራና ስኳራቸው ከልክ በታች ወረደ። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተሳከረ። ደግነቱ ራሳቸውን አልሳቱም፣ መዋጥ ይችሉ ነበር፤ ባለቤታቸው ማር በጥብጠው አጠጧቸው። ያንኑ የተከሰሱበትን ማር። ተረፉ።

በቀጠሯቸው መጥተው «የድሮው ቦታ ይሻለኛል፣ አዲሱ ሊገድለኝ ነበር» አሉን። ዶዙ ተቀነሰላቸው፣ ሁሉም ተራ በተራ አስረዳቸው፣ እሺ እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ቀሩ። ስልክ እንደዛሬው በየኪሱ አልነበረም፣ ምን እንደሆኑ ሳልሰማ ጡረታ ወጣሁ። ያ ሁሉ ወር ውሸታም መባላቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ልጆች፣ ቃል ስታጠኑ ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ። ሮቴት ከትከሻ ጋር ከመጣ እውነትም መዞር ነው። ከመኪና ጎማ ጋር ከመጣ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማቀያየር ነው። ከሥራ ጋር ከሆነ ፈረቃ፣ ከሰብል ጋር ከሆነ ማፈራረቅ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ በምትባለው ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ጥቂት ዓመት እያቆየ፣ ከሰል እያከሰለ መሬቱን ጤፍ ሲዘራበት ኖሯል። የእኛ ቤት ደግሞ ግብጦ የሚባለው መራራ ጥራጥሬ ነበር የሚፈራረቀው። ግብጦ ለመሬቱ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ እኛ ልጆቹ ግን የምናውቀው ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ቀናት ሲዘፈዘፍ መጠበቅን ነው፣ ዝንጀሮ እንዳይደርስበት እየተባለ።

የዘንድሮ ልጆች ስልክ ተረጎመልኝ ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ መጠየቅ ትንቃላችሁ ልል ነበር፤ ይቺ ልጅ ግን ጠይቃለች፣ ምን ልበላት? ሽምደዳም አልወድም። ሽምደዳን የሚንቅ ነርስ ደግሞ የባሰ አልወድም፣ ዶዝ በስሜት አይታወቅም።

ስኳር ክትትል ስትመደቡ የታካሚውን ልብስ አስገልጡ። በዓይን ብቻ አይበቃም፣ በእጃችሁ ዳስሱ። መርፌው የሚፈራረቅባቸው ቦታዎች ሆድ፣ ጭን፣ የላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን፣ መቀመጫ ናቸው፤ እዚያው አካባቢም ቢሆን ካለፈው መርፌ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ። ካርዱ ላይ በአማርኛ ጻፉላቸው። ከእብጠት ወደ ጤነኛ ቦታ የሚዛወር ሰው ካለ ደግሞ ዶዙን ሐኪም ሳያይለትና ስኳሩን ቶሎ ቶሎ እንዲለካ ሳትነግሩት ወደ ቤቱ አትስደዱት።