የመጠጥ ቤቶችና የምግብ ቤቶች የአልኮል ፈቃድ፦ የመንግሥት ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል? (ጥያቄና መልስ)

ስለላካችኋቸው ጥያቄዎች አመሰግናለሁ። የአልኮል ፈቃድ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምሰጣቸው መልሶች የማንንም ጉዳይ በቀጥታ አይወስኑም። ሆኖም ፍርድ ቤቶች በዚህ ሥልጣን ወሰን ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ስለኖሩ፣ በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኙ መርሆዎች አሉ፤ እኔም የማተኩረው በእነሱ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የንግድ ፈቃድና የምግብ ቤት የንፅህና ማረጋገጫ አለኝ። መጠጥ ለመሸጥ እንደገና ሌላ ፈቃድ የምጠየቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች የአልኮል ሽያጭን የሚያዩት ካልተፈቀደ በስተቀር እንደ ተከለከለ ሥራ በመሆኑ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1890 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ በቀረበለት አንድ ጉዳይ ላይ፣ ማንም ሰው አስካሪ መጠጥ በችርቻሮ የመሸጥ ተፈጥሯዊ መብት እንደሌለው ወስኗል። ያ አገር ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. የአልኮል ንግድን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጭራሽ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላውን ያነሳው 21ኛው ማሻሻያ ደግሞ በሁለተኛው ክፍሉ በመጠጥ ላይ ሰፊ የመቆጣጠር ሥልጣን ለየክፍለ ግዛቶቹ ሰጥቷል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1994 ዓ.ም. በኮዴይ ዲስቲለሪስ ጉዳይ፣ በመጠጥ መነገድ መሠረታዊ መብት እንዳልሆነ፣ መንግሥትም ንግዱን ሊከለክል ወይም በሞኖፖል ሊይዘው እንደሚችል ተናግሯል። ነገር ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይጠቅሱት ሌላ ነጥብ አለ፤ መንግሥት ንግዱን አንዴ ከፈቀደ፣ መስፈርቱን በሚያሟሉ ዜጎች መካከል አድልዎ ማድረግ አይችልም።

ጥያቄ፦ መሠረታዊ መብት ካልሆነማ መንግሥት ሲፈልግ ይሰጠዋል፣ ሲፈልግ ይነሳዋል ማለት ነው። ታዲያ ክርክሩ ምን ይረባል?

መልስ፦ ማለት አይደለም። ፈቃዱ መሠረታዊ መብት አለመሆኑ ባለሥልጣኑን ከሕግ በላይ አያደርገውም። ለዚህ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የደረሰው የፍራንክ ሮንካሬሊ ጉዳይ ነው። ሮንካሬሊ በከተማዋ የታወቀ ምግብ ቤት ነበረው፤ ቤቱ በአባቱ፣ ኋላም በእሱ እጅ ለ34 ዓመታት የመጠጥ ፈቃድ ይዞ ሠርቷል። በ1940ዎቹ የይሖዋ ምሥክሮች ጽሑፍ በማሠራጨታቸው በገፍ ይታሰሩ ነበርና፣ የእምነቱ ተከታይ የሆነው ሮንካሬሊ ወደ 380 ለሚጠጉ እስረኞች ዋስ ሆነ። ዋስ መሆን ሕጋዊ ነው፤ ከመጠጥ ሽያጭ ጋርም አንዳች ግንኙነት የለውም። ሆኖም በወቅቱ የኩቤክ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትርና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሞሪስ ዱፕሌሲ ፈቃዱ እንዲሰረዝ የመጠጥ ኮሚሽኑን ኃላፊ አዘዙ። በዲሴምበር 1946 ዓ.ም. ፈቃዱ ተሰረዘ፣ በቤቱ የነበረው መጠጥ ተወረሰ፣ ለወደፊቱም ፈቃድ የሚባል እንደማያገኝ ተነገረው። ምግብ ቤቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አልቆየም።

ሕጉ ኮሚሽኑ ፈቃድን «በፈቃደ ሥልጣኑ»፣ ማለትም በራሱ ምርጫ፣ ሊሰርዝ እንደሚችል ይደነግግ ስለነበር፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ሥልጣኑ ወሰን የለሽ ይመስል ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1959 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ግን ወሰን የሌለው ፈቃደ ሥልጣን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ማንኛውም ሥልጣንም ሕጉ ለተደነገገበት ዓላማ ብቻ የሚሠራ እንደሆነ አስረዳ። ከዚህም ሌላ፣ ውሳኔው በሕግ የተሰጠው ለኮሚሽኑ ስለሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኮሚሽኑ ቦታ ሆነው መወሰን አይችሉም ነበር። ዱፕሌሲ ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው ማለታቸው አላዳናቸውም፤ 33,123 ዶላር ከ53 ሳንቲም በግላቸው እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ሮንካሬሊ ይህን ፍርድ ለማግኘት ከ12 ዓመት በላይ መጠበቁን ግን አልሸሽግም፤ የመጠጥ ፈቃድን አንስቶ ቤት መዝጋት የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ስህተቱን ማሳረም ግን የብዙ ዓመት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕጋዊ የመከልከያ ምክንያት የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ ምክንያቱ ከራሱ ከሕጉ ዓላማ የሚመነጭ መሆን አለበት። የእንግሊዝና የዌልስ የ2003 ዓ.ም. የፈቃድ አዋጅ ነገሩን በግልጽ ስላስቀመጠው ልጥቀሰው፤ ዓላማዎቹ አራት ናቸው፤ ወንጀልንና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሕዝብን የሚያውክ ነገርን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ስኮትላንድ በራሷ የ2005 ዓ.ም. ሕግ የሕዝብ ጤናን አምስተኛ አድርጋ ጨምራለች። በእንግሊዙ ሕግ ተገቢ ተቃውሞ ያልቀረበበትን የተሟላ ማመልከቻ ባለሥልጣኑ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ተቃውሞ ቢቀርብም የሚመዘነው ከአራቱ ዓላማዎች አንጻር ነው። ስለዚህ «በአካባቢው ሁከት ስለበዛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይሸጥም» የሚል ውሳኔ ከነማስረጃው ከቀረበ ጸንቶ ይቆማል፤ «ባለቤቱን አልወደድኩትም» ወይም «ጎረቤቱ ያለው መጠጥ ቤት ገበያ ይቀንስበታል» የሚለው ግን በዚህ ሕግ ቦታ የለውም። የቤቶችን ቁጥር በነዋሪ ብዛት የሚገድቡ ሌሎች ሕጎች እንዳሉ ግን መዘንጋት አይገባም።

ጥያቄ፦ ፈቃዴን በየዓመቱ ሳድስ ኖሬ ዘንድሮ ተከለከልኩ። እንደ አዲስ አመልካች ልታይ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም፤ ፈቃድዎ በራሱ ጊዜ ይታደሳል ማለትም ግን አይደለም። በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቦክሰኞች ሥራ አስኪያጅነት ፈቃድ ጉዳይ የተሰጠ አንድ ፍርድ ሦስት ሁኔታዎችን ይለያል፤ ያላገኙትን መጠየቅ፣ የነበረው ይቀጥላል ብሎ በበቂ ምክንያት መጠበቅ፣ በእጅ ያለውን መነጠቅ። የሥነ ሥርዓት ጥበቃው ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ዕድሳት በመካከል ላይ ይገኛል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1891 ዓ.ም. ሻርፕ ከዌክፊልድ ጋር ባደረጉት ክርክር፣ የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጡት ዳኞች የዕድሳት ማመልከቻንም ውድቅ የማድረግ ሥልጣን እንዳላቸው ተወስኗል፤ ያ መጠጥ ቤት የተከለከለው ከፖሊስ ቁጥጥር የራቀ በመሆኑና ለአካባቢው አስፈላጊ ባለመሆኑ ነበር። ፍርዱ በዚያው አንቀጽ ሥልጣኑ በምክንያትና በፍትሕ ሥርዓት እንጂ በግል አስተያየት እንደማይሠራበት አክሏል። ባለፈው ዓመት ያልነበረ፣ ዘንድሮ የተፈጠረ ምክንያት ካለ ባለሥልጣኑ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አጠገባችን ያለ የአምልኮ ቤት አንድ ደብዳቤ ስለጻፈ ብቻ ፈቃድ ተከለከልን። ይህ ይቻላል?

መልስ፦ የጎረቤትን አስተያየት መስማትና የመወሰን ሥልጣንን ለጎረቤት አሳልፎ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት አንድ ሕግ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት በጽሑፍ ከተቃወመ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይደነግግ ነበር። በኬምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ግሬንደልስ ዴን የተባለ ምግብ ቤት በጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ተቃውሞ ምክንያት ፈቃድ ሲከለከል ከስሶ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1982 ዓ.ም. ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያት መስጠት የማይጠበቅበት የሃይማኖት ተቋም የመንግሥትን ሥልጣን ሊይዝ አይችልምና። ልብ ይበሉ፤ ፍርድ ቤቱ መንግሥት ራሱ በሕግ ርቀት እንዳይወስን ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ሐሳብ ሰምቶ ራሱ እንዳይመዝን አልከለከለም።

ርቀትን በሜትር መወሰንም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠጥቶ ማሽከርከርን ለመከላከል በዲሴምበር 2016 ዓ.ም. ከዋና አውራ ጎዳናዎች በ500 ሜትር ውስጥ መጠጥ እንዳይሸጥ ሲያዝ፣ በቀጣዩ ዓመት በማርች መጨረሻ ሕዝባቸው ከ20,000 ለማይበልጥ ቦታዎች ርቀቱን ወደ 220 ሜትር ዝቅ ለማድረግ ተገደደ፤ አንዳንድ ክልሎች ደግሞ አውራ ጎዳናዎቻቸውን ከመዝገብ ሰርዘው ተራ መንገድ አደረጓቸው። መንገዱም ቤቱም ካሉበት አልተነቃነቁም።

ጥያቄ፦ ፈቃዴን ለሌላ ሰው መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተረካቢውን ባለሥልጣኑ ማጽደቅ አለበት። ቁጥሩ በሕግ የተወሰነበት ቦታ ግን ፈቃዱ ራሱ እንደ ንብረት ዋጋ ያወጣል። በኒው ጀርሲ ግዛት በመርህ ደረጃ ለ3,000 ነዋሪ አንድ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ስለሚመደብ ነባር ፈቃዶች በከፍተኛ ዋጋ ይለዋወጣሉ። ይህ ዓይነቱ ገደብ ከመጠጥ ጉዳት ይልቅ ቀድመው የገቡትን የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪዎች ሌሊት መጥተው ቤቱን አሽገው ሄዱ፤ ማንም አልጠየቀንም። ሳንሰማ መታሸግ ነበረብን?

መልስ፦ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። በቤቱ ውስጥ ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ፣ የተመረዘ መጠጥ ከተገኘ ወይም ሌላ የማያዘገይ አደጋ ካለ፣ አስቀድሞ ሳይሰማ ለአጭር ጊዜ የማገድ ሥልጣን ብዙ ሕጎች ይሰጣሉ፤ ሕዝብ እየተጎዳ ስብሰባ ይጠራ ማለት አይቻልም። ሆኖም እንዲህ ያለው እገዳ ጊዜያዊ ነው፤ ባለፈቃዱ የተከሰሰበትን ነገር ዐውቆ መልስ የሚሰጥበት ቀን ሳይዘገይ ሊቀጠርለት ይገባል። ሁለተኛው፣ አስቸኳይነት የሌለበት ጥፋት ነው፤ ለምሳሌ የመዝጊያ ሰዓትን በግማሽ ሰዓት ማሳለፍ ወይም ፈቃዱን በሚታይ ቦታ አለመስቀል። በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ መቀጮ፣ አጭር እገዳ እያለ ወደ ስረዛ መዝለል ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር ያላመጣጠነ ያደርገዋል። ማሸጊያው ላይ ወይም በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ የተጣሰው አንቀጽ ተጠቅሶ ከሆነ በየትኛው ምድብ እንደምትወድቁ ከዚያ ይታወቃል፤ ካልተጠቀሰ ይኸው ራሱ አንዱ የአቤቱታ ነጥባችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ድምፅ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የደኅንነት ካሜራ እያሉ ቅድመ ሁኔታ ይደረድራሉ። ገደብ የለውም?

መልስ፦ አለው። ቅድመ ሁኔታው ከሕጉ ዓላማ ጋር የተያያዘ፣ ሊፈጸም የሚችልና ግልጽ መሆን አለበት። «ድምፅ አይብዛ» የሚል ግዴታ ምን ያህል እንደሆነ ስለማይናገር ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ መስፈርቱን ማሟላት ብቻውን አይበቃም፤ የአካባቢው ተመራጭ «ይሁን» ካላለ ማመልከቻው አይነቃነቅም። ይህን የሚከለክል ሕግ አለ?

መልስ፦ በአትላንታ ከተማ ይኸው ዓይነት ልማድ ነበር ተብሎ ክስ ቀርቦበታል። ሆርንስቢ የተባሉ አመልካች የመጠጥ መደብር ፈቃድ ሲከለከሉ፣ መስፈርቱን ሁሉ አሟልተው ሳለ የወረዳው ተመራጭ ስላልደገፋቸው ብቻ እንደተከለከሉ ገለጹ። በ1964 ዓ.ም. የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ይህ እውነት ከሆነ ተገቢውን የሕግ ሥርዓት የሚጥስ ነው፣ ፈቃድ ሰጪው አካልም አመልካቾች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚችሉ መመዘኛዎች ሊኖሩት ይገባል አለ። እኔም የምመክረው ከዚሁ እንዲጀመር ነው፤ የተጻፈውን መመዘኛ በደብዳቤ ጠይቁ። የሚሰጣችሁ መመዘኛ ከሌለ፣ የሚሠራበት መመዘኛ ሌላ እንደሆነ ለማስረዳት መነሻ አገኛችሁ።

ጥያቄ፦ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው በነዋሪነት ምክንያት ሊከለከል ይችላል?

መልስ፦ የቴኔሲ ግዛት የመጠጥ መደብር ፈቃድ ለማግኘት የሁለት ዓመት ነዋሪነት ይጠይቅ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ዓ.ም. ሰባት ለሁለት ሽሮታል። ግዛቱ መስፈርቱ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚሰጠውን ጥቅም ማሳየት አልቻለም፤ የአካባቢውን ነጋዴ ከውድድር መጠበቅ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ከመልስዎ ሁሉ የሚታየኝ ለነጋዴው መቆርቆር ነው። በመጠጥ ምክንያት የሚፈርሰው ቤተሰብስ? ባለሥልጣኑን በሥነ ሥርዓት አስራችሁ ማን ይቆጣጠር?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሥልጣኑ ቀላል ነው ማለቴም አይደለም። ለሕፃናት የሚሸጥን፣ የሰከረን ሰው የሚያስጠጣን፣ ጠብ ሲነሳ በር ዘግቶ የሚደብቅን ቤት ፈቃድ መንጠቅ ይገባል፤ ይህን የሚያደርግ ባለሥልጣንም በፍርድ ቤት ሊፈራ አይገባውም። በተግባር የማየው ግን፣ ጥፋቱ እውነት ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው ቀንና ሰዓት ስላልጻፈ፣ ምስክር ስላልያዘ ወይም ባለቤቱን ስላልጠራ ውሳኔው የሚሻርበት ጊዜ እንዳለ ነው። በዚያ ጊዜ መጥፎው ቤት ተመልሶ ይከፈታል፤ እርስዎ የሚያስቡላቸው ቤተሰቦችም የሚጎዱት ያኔ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ለተቆጣጣሪውም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬ ትናንት ውድቅ ሆነ። ዛሬ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ፤ የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ 21 ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ካልተሰጠዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የጠየቁበትንም ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ ምክንያቱን ከሕጉ አንቀጽ ጋር ያስተያዩት፤ ሊያርሙት የሚችሉት ጉድለት ከሆነ፣ ለምሳሌ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ከሌለ፣ አርመው እንደገና ማመልከት ከክርክር ይቀድማል፤ ከሕጉ ዓላማ ውጭ የሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ወደ ይግባኝ ይሂዱ። ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ አንድ ጠርሙስ እንኳ አይሽጡ፤ ያለ ፈቃድ መሸጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ከመሆኑም በላይ ባለሥልጣኑ እስካሁን ያልነበረውን ሕጋዊ ምክንያት በገዛ እጅዎ ይሰጠዋል።