ጊዜ የማይፈጅ ፈጅ፦ ከልጆች ጋር፣ ያለ ኦቨን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ነው ያየሁት። እንደገባኝ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉሽ። ትምህርት ቤት ለገና ዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት ለአስተማሪዎቻቸው በእጃቸው የሠሩትን ነገር መስጠት ፈልገዋል፤ ትልቋ «ፈጅ ካልሠራን» (በትንንሹ እየተቆረጠ የሚበላው ለስላሳ ጣፋጭ፣ fudge) ብላ ይዛሻለች። ኦቨንሽ ተበላሽቷል፣ የፈላ ስኳር ያስፈራሻል፣ በዚያ ላይ ጾም ገብቷል፤ ትልቋም ዘንድሮ መጾም ጀምራለች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ኩሽና፣ ከሦስት ልጆች ጋር በየዓመቱ እሠራዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። የጥንቱ ፈጅ ስኳርና ወተት አፍልተው፣ በቴርሞሜትር እያዩ፣ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሰው፣ ሳይነኩ እስከ 43 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ክንድ እስኪዝል የሚመቱት ነው። የፈላ ውሃ እጅ ላይ ቢፈስ ወዲያው ይወርዳል፤ የፈላ ስኳር ግን ተጣብቆ እዚያው ማቃጠሉን ይቀጥላል። የ4 ዓመት ልጅ እግር ሥር በሚንቀሳቀስበት ቤት አይሞከርም። የጥንቱን ካነሣን፣ እዚሁ አሜሪካ ቫሳር ኮሌጅ የተማረችው ኤመሊን ሃርትሪጅ በኋላ በጻፈችው ደብዳቤ፣ በ1886 ባልቲሞር ውስጥ ፈጅ ተሠርቶ ፓውንዱ በ40 ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር፣ እሷም በ1888 ለኮሌጁ ጨረታ 30 ፓውንድ መሥራቷን ትናገራለች። ባልቲሞር እኛ ካለንበት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ የሰፈራቸው ምግብ አድርገውታል። ግን ያቺ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ እግሯ ሥር የሚድህ ልጅ አልነበረባትም። የሷን ዓይነቱ ስሙ ፈጅ፣ ግብሩም ጊዜ ፈጅ ነው። የኛ ስሙን ብቻ ይያዝ።

ቀላሉ ፈጅ የሚረጋው በሌላ ምክንያት ነው። የጥንቱን የሚያረጋው በደቃቁ የጠጠረው ስኳር ነው፤ ይሄኛውን የሚያረጋው ቾኮሌቱ ውስጥ ያለው የካካዎ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይጠጥራል፣ በቃ። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው በሠራንበት ዓመት ወንበር ስበው ተቀመጡና ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩ። ከፍሪጅ አውጥተን ስንቆርጠው አንዱን ቀምሰው «ይሄማ ጭኮ ነው፤ በሶው የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሶ በንጥር ቅቤ አሽቶ ያስቀመጠ ሰው ፈጅ አያቅተውም፤ ስቡ ሲረጋ አብሮ የያዘውን ያጠነክረዋል። የፈጅ አዋቂ ነን የሚሉ «ይሄ እውነተኛው አይደለም» ይሉሻል። አትስሚያቸው። አንቺ የምትፈልጊው ልጆቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጃቸውን የሚያስገቡበት ነገር ነው፤ የጥንቱ ላይ ግን «ዞር በሉ» እያልሽ ነው የምትውዪው።

አሁን ወደ ዕቃው። ለፍስኩ የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ (14 አውንስ፣ 397 ግራም)፣ 3 ካፕ ሰሚ ስዊት (ጣፋጭነቱ መጠነኛ የሆነ ጥቁር) ቾኮሌት ቺፕስ (18 አውንስ፣ 510 ግራም ገደማ፤ ማለትም ከተለመደው ባለ 12 አውንስ ከረጢት አንድ ተኩል)፣ ቆንጠር የተደረገ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ቫኒላ ነው። ጨው አትተዪ፤ ያለ ጨው ጣፋጭነቱ ያንገሸግሻል። ሚልክ ቾኮሌት ደግሞ ለስላሳ ይሆንብሻል፣ አይቆረጥም።

ጣሳው ላይ ልቁም፤ ምክንያቱም ያቃጠለኝ እሱ ነው። ኢቫፖሬትድ ሚልክና ኮንደንስድ ሚልክ እዚያው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን፣ ጣሳቸው መንትያ መስሎ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ውሃው የተቀነሰለት ወተት ነው፤ ስኳር የተጨመረበት ግን ኮንደንስዱ ብቻ ነው፤ እንደ ማር የሚዝለገለገው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እኔ ቸኩዬ ኢቫፖሬትዱን አነሣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አደረ፤ ጠዋት ልጆቹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ሮጠው ከፈቱት፤ ትሪው ውስጥ ያለው ሾርባ ነው! መካከለኛው ልጄ ጣቱን ነክሮ «እማዬ፣ ይጠጣል እንዴ?» አለኝ። ወተት ጨምረን አሙቀን ጠጣነው። ለአስተማሪዎቹ ከሱቅ ገዝተን ሰጠን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ልጅሽ 8 ኢንች በ8 ኢንች የሆነውን ትሪ (20 ሴንቲ ሜትር በ20 ማለት ነው) በመጋገሪያ ወረቀት ያልብሰው። ወረቀቱ ከሁለት ጎን ወጣ ብሎ ይቅር፤ በኋላ እሱን ይዛችሁ ነው የምታወጡት። ቢጨማደድ ተዪው። ጣሳውን አንቺ ክፈቺ፤ የክዳኑ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ ወዲያው ከእጃቸው አርቂው። ቺፕሱን እነሱ ይስፈሩ። የኔዎቹ ከየካፑ ላይ ለየአፋቸው ቀረጥ ስለሚቆርጡ እፍኝ አስበልጬ ነው የምገዛው።

ቺፕሱንና ኮንደንስዱን አንድ ላይ በትልቅ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አድርገሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ፤ አውጥቶ ማማሰል፤ ከዚያ በ30 ሰከንድ፣ በ30 ሰከንድ እያማሰሉ። ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቾኮሌት ያታልላል፦ ቀልጦም ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጣል፤ አልቀለጠም ብለሽ ጊዜ ብትጨምሪ ያርራል። ጥቂት ፍሬ ሲቀረው አቁሚና በማማሰል ጨርሺው። የማይክሮዌቩን ቁጥር የምትነካውና ሰከንዱን ወደ ኋላ የምትቆጥረው የ7 ዓመቷ ትሁን፤ ሳህኑን የምታወጪው ግን አንቺ ብቻ። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ሳንጀምር ሦስቴ እናገረዋለሁ፤ እነሱም ይደግሙታል።

ማይክሮዌቭ ከሌለሽ በፈላ ውሃ ድስት አፍ ላይ ሳህን አስቀምጠሽ በእንፋሎት ማቅለጥ ይቻላል፤ እኔ ግን ከልጆች ጋር አልወደውም። አንደኛ እሳት ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ቾኮሌቱን ብቻውን ስታቀልጪ ጠብታ ውሃ ከነካው ሸክሮ እንደ ጭቃ ይጠጥራል። ልጅ ደግሞ ማንኪያውን አጥቦ ሳያደርቅ ነው የሚያመጣልሽ። ከኮንደንስዱ ጋር አብሮ ሲቀልጥ ይህ ጣጣ የለም። ከመጠን በላይ ሞቆ ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍም እንዳትደፊው፤ አንድ ማንኪያ ሞቅ ያለ ወተት ጨምረሽ ቶሎ ቶሎ አማስዪው፤ ተመልሶ ይገጥማል።

ከቀለጠ በኋላ ቶሎ ይወፍራል። ቫኒላና ጨው፣ ሁለት ሦስት ዙር ማማሰል፣ ወደ ትሪው። ሳህኑ እጅ የማያቃጥል ከሆነ ማስተካከሉን ለልጆቹ ስጪ፤ በማንኪያ ጀርባ እየጠፈጠፉ። ከላይ ምን ይነስነስ በሚለው ቤታችን ክርክር አለ። እኔ የምወደው የገብስ ቆሎ ነው፤ ትልቋ ልጄ በሙቀጫ ገርበብ አድርጋ ትወቅጠዋለች፣ ትንሹ ይነሰንስና በመዳፉ ይጫናል። ኮረሪማ በጣም ጥቂት፣ ወይ የብርቱካን ልጣጭ ተፈቅፍቆ ቢገባም ያምራል። ቆሎውን ግን ሙሉ ፍሬውን አታድርጊ፤ ለትንሽ ልጅ ያንቃል፣ ለአስተማሪዋም ጥርስ አስቢላት። ሦስት ቀን ካለፈውም ይለሰልሳል።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የዚህ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ጾሙ መሐል ነው። «አስተማሪዎቹ አይጾሙ፤ የፍስኩን ሠርተሽ ስጪ» ይሉሽ ይሆናል። እኔም አንድ ዓመት እንደዚያ አድርጌ ነበር። ልጄ ስታማስል ቆይታ ማንኪያውን መላስ አልቻለችም፤ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ሲልስ ዕንባዋ መጣ። ልጅ የሠራችውን ሳትቀምስ እንድትጾም ማድረግ ጭካኔ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ በታኅሣሥ የጾሙን ነው የምንሠራው፤ የፍስኩን ለራሳችን ገና እናቆየዋለን።

ለጾሙ ከኮኮናት የተሠራ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ አለ። የእስያ ሱቆችና ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ጋ ታገኚዋለሽ። ጣሳው ግን ያንሳል፣ 11.25 አውንስ (320 ግራም) ነው፤ ስለዚህ ቺፕሱን 2 ካፕ ተኩል አድርጊ። የላሙን ያህል አይጠነክርም፤ ሌሊቱን ይደር፣ እስኪበላም ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ስሙን ብቻ አይተሽ ቺፕሱንም እንዳትገዢ፤ ሰሚ ስዊት የተባሉት ብዙዎቹ የወተት ስብ አለባቸው። ዝርዝሩን የምታነበው ትልቋ ትሁን፤ የኔዋ ከሱቁ መሐል ቆማ «ወተት አለበት!» ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። «ወተት ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ማሽን ወተት ያለበትም ስለሚያልፍ ነው። ለጾም ከሆነ የራስሽ ኅሊና ነው፤ ወተት ለማይስማማው ልጅ ግን እንዳትሞክሪው።

ይህንን ካነሣሁ ስለ ለውዝ። አንድ ዓመት የተፈጨ ለውዝ ጨምረን፣ ሪባን አስረን፣ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ላክን። ከሰዓት ልጄ ከረጢቱን እንዳለ ይዞ ተመለሰ፤ ክፍሉ ውስጥ ለውዝ ጨርሶ አይገባም ነበር፣ እኔ ወረቀቱን አላነበብኩም። ጥፋቱ የኔ ቢሆንም የልጁን ፊት አልረሳውም። ስለዚህ ቀድመሽ አስተማሪዋን ጠይቂ፤ ቤት የተሠራ ምግብ ለልጆች የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ ለአስተማሪዋ ለራሷ መስጠት ግን ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ከሐበሻ ሱቅ የምትገዢው ቆሎ ኦቾሎኒና ሱፍ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና ገብስ ብቻ መሆኑን እዪ። ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ በዚህ አገር ሕግ የግድ ከሚጻፉት የአለርጂ ምግቦች ጋር ተቆጥሯል። ገብሱም ግሉተን አለው። እኛ የገባውን ሁሉ በትንሽ ካርድ እንጽፋለን፤ ጽሕፈቱ የልጆቹ ነው፣ ፊደል ቢገድፉም እንዲሁ ይሄዳል።

አቆራረጡ ላይ ቢላዋ ስላለ ያንቺ ሥራ ነው። ከፍሪጅ አውጥተሽ 10 ደቂቃ አቆዪው፣ ወረቀቱን ይዘሽ አንሺው፣ ቢላዋውን በሙቅ ውሃ ነክረሽ አድርቀሽ ቁረጪ፣ በየቆረጡ ጥረጊ። ትሪውን በ1 ኢንች፣ በ1 ኢንች ብትቆርጪው 8 ጊዜ 8፣ 64 ፍሬ ይወጣል። ትልቋ ማባዛት ልትጀምር ስለሆነ እዚያው ትቁጠርልሽ። በከረጢት ስድስት ስድስት ብታደርጉ 10 ከረጢት ሞልቶ 4 ይተርፋል፤ የተረፈው ለሠሩት ልጆች። አንድ ፍሬ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስኳሯ ብዙ ነው፤ ከሁለት በላይ አልፈቅድም። (እኔ ግን ማታ ማታ…)

የመጨረሻው ጥያቄሽ «ስንት ቀን ቀድመን እንሥራ?» ነበር። ዓርብ የምትሰጡ ከሆነ ረቡዕ ማታ ሥሩት፣ ሐሙስ ቁረጡና አሽጉት፣ ዓርብ ጠዋት ከፍሪጅ በቀጥታ ወደ ቦርሳ። የካካዎ ቅቤ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሚቀልጥ በመኪና ማሞቂያ አጠገብ እንዳታስቀምጪው፤ በልጅ እጅ ጨብጦም አይወሰድም። የተረፈው አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እኛ ቤት ግን ሁለት ቀን አልፎት አያውቅም። ነገ ሱቅ ስትሄጂ ትልቋን ይዘሻት ሂጂ፤ የጣሳውንም ጽሑፍ እሷው ታንብብልሽ።